ቢሮ ፈላጊዋ በፕላስ ኬሊን

ኤሉኔድ ፕሪስ ከካርዲፍ ስትነሳ ቢሮ የመከራየት ሐሳብ አልነበራትም።

የአያቷ የሰር ሜይሪግ ርስት የነበረው ፕላስ ኬሊን ከተሸጠ ቆይቷል። መጀመሪያ የፖሊሶች ማሠልጠኛ ሆነ፤ ቀጥሎ የእርግቦች መኖሪያ፤ አሁን ደግሞ የቢሮዎች መንደር። በግንብ የታጠረችው የአትክልት ቦታ ብቻ ሳትሸጥ ቀርታ በውርስ ኤሉኔድ እጅ ገብታለች። የመንደሩ ባለቤቶች ቦታዋን የመኪና ማቆሚያ ሊያደርጓት ስለፈለጉ ሽጪልን ይሏታል። እሷም እሺ ልትል ትንሽ ነው የቀራት። ብቻ ማንም ሳያውቃት አንዴ ልያት ብላ፣ ስሟን ቀይራ፣ ቢሮ ፈላጊ መስላ መጣች።

የተቀበላት የኪራይ ክፍል ኃላፊው ኢድዋል ነው። በዕድሜ ጥቂት ይበልጣታል። ክራቫቱ ያማረ፣ አፉ የማያርፍ ሰው።

«ይኼ የዳንስ አዳራሽ ነበር፣ እመቤቴ» አላት። ወጣቶች ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ስለ መኪና ኢንሹራንስ ይለፈልፋሉ። «ድሮም ወሬ የሚበዛው እዚህ ነበር። አሁን ደሞዝ ተቆረጠለት እንጂ።»

የፈረስ ጋጣው ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ስክሪናቸው ላይ አፍጥጠዋል።

«ፈረሶቹ እንኳ አልፎ አልፎ ቀና ይሉ ነበር» አለ ኢድዋል።

ኤሉኔድ ሳቋን ዋጠች። «የቤቱ ጌታ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?»

«ሰር ሜይሪግ? ኩራታቸው ለጉድ ነው! እንግዳ ፊት ከእንግሊዝኛ በቀር አይወጣቸውም። ለውሾቻቸው ግን በዌልስኛ ይዘፍኑላቸው ነበር። ውሾቹ ምን አጠፉ ይላሉ?»

አባቷ ስለ አባቱ ስለ ሰር ሜይሪግ ሲነግራት ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያን ይሞላ ነበር ብሏታል። ፊቷ ጋለ።

«ይኼን ሁሉ ማን ነገርዎት?»

«እናቴ እዚህ ልብስ አጣቢ ነበረች። እሳቸውም እሁድ እሁድ ስለ ሸሚዛቸው ኮሌታ ሊያማክሯት እቤታችን ብቅ ይሉ ነበር። ያረረ ኬክ ይወዱ ነበር፤ ጠርዝ ጠርዙን ለቅመው መሀሉን ለእኔ ይተዉልኛል።»

የአጣቢ ቤት ሐሜት! አለች በሆዷ። ሰውዬው ኪራዩን ለማስወደድ ታሪክ ይፈጥራል፤ ያውም በሙት ስም።

ካፊያው ሲጀምር የአትክልቱ ቦታ በር ላይ ደረሱ። ውስጡ እንደፈራችው አልነበረም። የፖም ዛፎቹ ተገርዘዋል፤ ከሥራቸው ባሮ ሽንኩርት ተሰልፏል።

«ሽንኩርቱ የእኔ ነው» አለ ኢድዋል። «ባለቤቷን አላስፈቀድኩም።»

«ባለቤቷ ማን ናት?»

«የሰር ሜይሪግ ልጅ ልጅ ናት። እግሯ እዚህ ረግጦ አያውቅም። ለመኪና ማቆሚያ ልትሸጣት ነው ይላሉ። እኔ ግን አላምንም።»

«ለምን?»

«እዚያ ቤት ኩራት በዘር ነው የሚወርደው። ኩሩ ሰው የአያቱን ፖም ነቅሎ አስፋልት አያነጥፍም።»

ኤሉኔድ ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«ዋሽቼዎታለሁ፣ አቶ ኢድዋል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ቦታዋንም አልሸጥም፤ አሁን ቆረጥኩ። ግን ስለ አያቴ ያወሩትን ያንሱልኝ! ከሰር ሜይሪግ ዘር የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ካልተሟገትኩላቸው ማን ይሟገትላቸዋል?»

ኢድዋል አልደነገጠም። ጃንጥላውን ዘርግቶ አናቷ ላይ ያዘላት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ነገር የጠፋው መሰለ።

«ገና ዋናው በር ላይ ስትደርሺ ነው ያወቅኩሽ» አላት። «ዝናቡ ሳይበረታ ግቢ፣ የወንድሜ ልጅ።»