የገዲ ተራ

በዛብህ ነጩን ጠጠር በመዳፉ አሻሸና ሐርላ ላይ አስቀመጠው። ሐርላ በጨዋታው ካርቶን ጥግ በእርሳስ የተሣለች፣ ውኃ ያልደረሰላት ትንሽ ክብ ናት።

«ገዲ ሁሌም እዚህ ነው የሚጀምረው» አለ።

ሙመድ ጠጠሩን ሳይሆን የግቢውን በር ነበር የሚያየው። ባለሱቅ ነው፤ ዘንድሮ ግን ከደንበኛ ይልቅ በር ማየት የሚቀናው ባለሱቅ ሆኗል። ሦስት ሰው ተቀምጦ የአራት ሰው ጨዋታ መጫወት ለሚያየው ደስ አይልም አለ። ካድሬ ድንገት ገብቶ አራተኛው የት ሄደ ቢላቸው ምን ሊሉ ነው? ተማም የጫት ቀንበጡን እየመረጠ፣ አራተኛው የት እንዳለ ካድሬው ከኛ የተሻለ ያውቃል አለው።

ጨዋታውን ያወጣው ራሱ ገዲ ነበር። የመኮሮኒ ካርቶን ገልብጦ ድሬዳዋን የምትመስል አገር ሣለበት፤ የደቻቱ ወንዝ መሀሏን ይሰነጥቃታል፣ ሐዲዱ በላይ በኩል ያልፋል። አራቱም በየተራ አንዳንድ ከተማ ይተክላሉ፤ ተማም በቡና ፍሬ፣ ሙመድ በተምር ፍሬ፣ በዛብህ በቆርኪ፣ ገዲ በነጭ ጠጠር። ውኃ የያዘ እህል ያገኛል፣ ሐዲድ የያዘ ንግድ፤ መጨረሻ ላይ ሰፊ አገር ያለው ያሸንፋል። አንዴ የተተከለ ከተማ አይነሳም። የቀረ ሰው ተራ ደግሞ አይዘለልም፤ በቀኙ የሚቀመጠው ይጫወትለታል። በገዲ ቀኝ የሚቀመጠው በዛብህ ነው።

አብዮት ጠባቂዎች ገዲን ከወሰዱት ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ የሶማሊያ ጦርነት ደጃቸው በደረሰበት በዚያ ዓመት የሶማሌ ስም ብቻውን ይበቃ ነበር። እሱ እያለ የተጀመረውን ጨዋታ በሕጉ መሠረት ተራውን እየጠበቁለት ጨረሱት። ዛሬ አዲስ ነው የሚጀምሩት። ሙመድም ያለው ይህንኑ ነው፤ አዲስ ከሆነ ለሦስት ይጀመር። በዛብህ ነገሩ ስለ ካርቶን ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። ለሦስት መጀመር ገዲ አይመጣም ማለት ነው፤ ያንን ደግሞ በገዛ እጁ አያደርገውም።

ደግሞም እቅድ ነበረው። ጠዋቱን ሙሉ በምድር ባቡር ጋራዥ ብሎን እያጠበቀ ያወጣው እቅድ ነው። ገዲ መጀመሪያ ሐርላ ይተክላል፤ ሁሉም ይስቁበታል፤ የጥንት ሰዎች ሐርላ ላይ ከተማ የሠሩት አንድ ነገር አውቀው ነው ይላቸዋል። በሁለተኛው ተራ ግን ሹልክ ብሎ ወደ ወንዙ መሻገሪያ፣ ወደ መልካው ይወርድና የበዛብህን ወደ ውኃ መውረጃ ይዘጋል። ሁልጊዜ እንደዚያው ነው፤ በዛብህም ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይደነግጣል። አሁን ግን የገዲ ተራ በእጁ ነው። ጠጠሩን ወደ ሐዲዱ ልኮ ተማምን ያግድበታል፤ ራሱ ደግሞ በቆርኪው መልካውን ይይዛል። ውኃውን ከያዘ ወዲያ ማን ይደርስበታል?

ተማም ልብስ ሰፊ ነው፣ መቀሱ የት ሊሄድ እንዳሰበ ከጨርቁ በፊት ያውቃል።

«አቦ በዛብህ፣ የራስህ አገር አልበቃ ብሎህ የሰው አገር ልትነዳ ነው?»

«ሲመጣ ይቆጣኛ።»

በዛብህ ይህን ሲል ለውዝ በአፉ ሞልቶ ነበር፤ ጫት አይቅምም፣ የቃሚዎቹን ለውዝ መጨረስ ግን ያውቅበታል። የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ገዲ መጥቶ፣ ካርቶኑን አይቶ፣ «ወሪያ! ማነው እንዲህ ያጫወተኝ?» ብሎ እንዲጮህበት።

የመጀመሪያውን ዙር ተከሉ። በዛብህ ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ ተማም ሐዲዱ ዳር፣ ሙመድ ገበያው አጠገብ።

የገዲ ሚስት ሃዎ የምታልፍበት ሰዓት ደርሷል። በየቀኑ እስር ቤት ምሳ አድርሳ፣ ባዶውን ምሳ ዕቃ ተቀብላ ስትመለስ በዚህ በር ነው የምታልፈው። ማንኪያው ባዶው ውስጥ ሲንኳኳ ከሩቅ ይሰማል። ያን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ «በላ» ይላል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። በላ ማለት አለ ማለት ነው። ምሳው ያልተነካ እንደሆነ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ በከተማው የማያውቅ የለም።

እርምጃዋን ሰሙ። ማንኪያው አልተንኳኳም።

በሩ ተከፈተ። ሃዎ ገብታ ምሳ ዕቃውን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ሲያርፍ ሙሉ መሆኑን በድምፁ አወቁ።

«አልተቀበሉኝም» አለች። «ከእንግዲህ እንዳትመጪ አሉኝ፣ ጋሽ በዛብህ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ሩዝ ነው። ይበላሻል፤ እናንተ ብሉት» አለች።

በዛብህ ተነስቶ ቦታውን ለቀቀላት። አልተቀመጠችም፤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ተማም የጎረሰውን ጫት በእጁ ተፍቶ የሚጥልበት ጠፋው።

የተናገረው ሙመድ ነው፤ ለሦስት እንጫወት ያለው ሙመድ። በሩን ማየት ትቶ ነበር።

«ተራው የገዲ ነው» አለ በቀስታ።

በዛብህ ተመልሶ ተንበረከከና ነጭ ጠጠር አነሳ። ሐዲዱ ጠዋት እንዳሰበው ክፍት ነው። እጁ ወደዚያ ሄደ፣ ካርቶኑ ላይ ጥቂት ተንጠለጠለ፣ ተመለሰ። ጠጠሩን መልካው ላይ አኖረው፤ ገዲ በሚያኖርበት በዚያው ቦታ፣ በራሱ በበዛብህ የውኃ መውረጃ አፍ ላይ።

ቀጣዩ ተራ የበዛብህ ነበር። ቆርኪውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ የሚሄድበት አጥቶ ተቀመጠ።