ነፍስ የሚያወጣው ቅጠል

አናጢውን ሰው ሁሉ ፌንጣ ይለዋል። ጣሪያ ላይ ሲሠራ መሰላል አይወድም፤ ከማገር ማገር ይዘል ነበር። አንድ ቀን የረገጠው እንጨት ከዳውና ወደቀ። ወገቡ ተጎዳ፤ ከዚያ ወዲህ የአልጋ ቁራኛ ነው።

ሐኪሙ የራጁን ፎቶ ወደ ብርሃን አንስቶ ደጋግሞ አየው።

«አጥንቱ ገጥሟል። እስካሁን በምርኩዝ መሄድ ነበረበት።»

«ፈርቶ ይሆናል» አለች ሚስቱ።

ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ታበላዋለች። ጎረቤት «ሚስት ማለት እሷ ናት» ይላል። ከጓሮ ያለውን የእንጨት ሥራ ቤት አሁን ሸሪኩ ብቻውን ይዞታል። አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ «አይዞህ፣ ትነሣለህ» ይለውና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ቅጠሉን ያመጣችው እሷ ናት።

«ይሄን ጠጥቶ የተኛ ሰው ሕልም መሆኑን እያወቀ ያልማል አሉ። ነፍሱ ከሥጋው ወጥታ የፈለገችበት ትሄዳለች።»

«እግር ሲከዳ በነፍስ መሄድ ነው እንግዲህ!» ብሎ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

ከምሳ በኋላ ጠጣው፤ እንደ እሬት ይመርራል። ሲነቃ ፊቱ በርቶ ነበር።

«ኮርኒሱ ሥር ሆኜ ራሴን ቁልቁል አየሁት። እንዴት ከስቻለሁ በይ! ከዚያ በመስኮት ወጥቼ በረርኩ። ሕልም መሆኑን እያወቅኩት!»

መጠጣቱ ልማድ ሆነ። ባሕር አየ፤ ሟች አባቱን አየ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበው።

«ስነቃ እግሬ ጭራሽ ድንጋይ ይሆናል» አላት።

«ነፍስ ስትወጣ ሥጋ ይከብዳል» አለችው።

እየዋለ እያደረ ግን «ትኩስ ነው፤ ሲበርድልኝ እጠጣዋለሁ። አስቀምጪውና ሥራሽን ሥሪ» ማለት ጀመረ። ስትመለስ ኩባያው ባዶ ነው፤ እሱም ላብ አጥምቆት፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተጋድሟል።

ሕልሞቹም ተለወጡ። ባሕሩ ቀረ፤ ሰማዩም ቀረ።

«ዛሬ ከግቢያችን አልራቅኩም» አላት። «የጓሮው ቧንቧ ይንጠባጠባል። ለምን አላስጠገንሽውም?»

ቧንቧው ከአልጋው አይታይም። ሄዳ አየችው፤ ይንጠባጠባል።

ሌላ ቀን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት በሩን አረንጓዴ መቀባቱን ነገራት። እውነቱን ነበር። ያን ቀን አንዱን ሳህን ሁለት ጊዜ አጠበችው።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራት።

«ዛሬ ሥራ ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ከጣውላው ክምር ጀርባ ሸሪኬ ነበር። አንቺም ነበርሽ።»

ባዶውን ኩባያ ከራስጌው አነሣች።

«ሕልም ነው እንግዲህ» አለ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

«ሕልም እንደ ፈቺው ነው» ብላ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ቅጠል ሻጯ ዘንድ ሮጠች።

«እማማ፣ ጉዴ ፈላ! ነፍሱ እየወጣች ትከተለኛለች። የማያየው ነገር የለም።»

«ታዲያ መስጠቱን ተዪዋ።»

«ብተወው ይነሣል።»

አሮጊቷ ዘንቢላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «ከዚህ በላይ ከጨመርሽ ግን የሄደው አይመለስም። ነግሬሻለሁ ልጄ።»

ሚስቲቱ ከመቀነቷ ብር ፈታች።

«እጥፉን ይስጡኝ» አለች።

ምሳ እንዳለቀ ሰፈሩ ጭር አለ። ኩባያውን ይዛለት ገባች። ፌንጣ ተቀብሎ አሸተተው።

«ዛሬ ጠንክሯል።»

«ሩቅ እንዲወስድህ ነው።»

«ብቻዬን መሄድ ሰለቸኝ። ዛሬ አብረን እንሂድ። እስቲ ቅመሺልኝ።»

«እኔ ከተኛሁ ማን ይጠብቅሃል?»

«አንድ ጉንጭ ብቻ።»

«ተው እንጂ፣ ሥራ አለብኝ።»

ኩባያውን ዘረጋላት። ፈገግታው ጠፍቷል።

«ጠጪ አልኩሽ።»

ብርድ ልብሱ ሥር የተዘረጉትን እግሮቹን አየች። ልቧ ትንሽ መለስ አለ። ካልጋ የማይወርድ ሰው ምን ያደርጋታል? ሸሪኩን ልትጠራ ፊቷን አዙራ ወደ በሩ ተራመደች።

ፌንጣ ቀድሟት በሩ ጋ ደረሰ።