ከታች ወደ ላይ

የሕንፃው ሰዎች “ቀይ እስክሪብቶ” የሚሏቸው ጡረተኛዋ የጋዜጣ አራሚ፣ ጎረቤታቸውን መካኒኩን ጠምደው ከያዙ ሦስት ዓመት አልፏል። ልጃቸው መኪና ሊገዛ ሲል “እንደኔው ዓይነት ግዙ፣ ታመሰግኑኛላችሁ” ብሎ ያማከረው እሱ ነበር። መኪናዋ ወር ሳይሞላት መንገድ ላይ ቀረች። ከዚያ ወዲህ መካኒኩ ደረጃ ላይ ቢያስነጥስ እንኳ እሳቸውን ለማናደድ ይመስላቸዋል።

ሐሙስ ጠዋት ስልካቸውን እየነካኩ ለብቻቸው ፈገግ አሉ።

“ያዝኩህ!”

ወሬው የሰኞ ነው። ጎህ ሲቀድ አንድ አመድማ መኪና አደባባዩ አጠገብ አንዲት የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ ገጭቶ አመለጠ። ሴትየዋ እስካሁን አልነቃችም። የመካኒኩ መኪና አመድማ ናት። ከማክሰኞ ጀምሮ ደግሞ ግቢው ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ትናንት ነፋሱ ሸራውን ሲገልበው አራሚዋ ከፎቅ ሆነው በዓይናቸው አይተዋል፤ የግራ የፊት መብራቷ የለም። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ልጃቸውም አልሰነፈም። ድሮ “እንዴት አደርሽ” ብሎ ለመጻፍ ጣቱ የሚደክመው ልጅ፣ ሰሞኑን ሊንክ በሊንክ አድርጓቸዋል። “ገጭቶ ያመለጠው መካኒክ ሳይሆን አይቀርም” የሚል አለ። “ጥፋተኛ መኪናውን ለምን ይሸፍናል?” የሚልም አለ። እሳቸው ርዕሱን ያነባሉ፣ ሁለት ሦስት መስመር ይወርዳሉ፣ ላይክ አድርገው ያልፋሉ። “ሹፌሩ እስካሁን አልታወቀም” የሚል ዜና ሲመጣባቸው ደግሞ በአውራ ጣታቸው ገፍተው ያባርሩታል። የተገዛ ጋዜጠኛ!

ልጃቸው ማክሰኞ በአካል መጥቶም ነበር፣ ቤንዚን ተወደደ ብሎ በታክሲ። ሁለት ዓመት ሲለመን የኖረውን የቁም ሳጥን በር ገጠመላቸው። ብሎን ጎደለኝ ብሎ ወደ ታች ወርዶ ግማሽ ሰዓት ቢያስጠብቃቸውም፣ በሩ አሁን ግጥም ብሎ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ልጅ ከየት ይገኛል?

አራት ሰዓት ላይ ደወለ።

“እማዬ፣ አመልክቺ እንጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?”

“ጽፌ ጨርሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጣቢያ አደርሰዋለሁ።”

“ስሙን በደንብ ጥቀሺ። እንዲህ ያለ ሰው እስር ቤት ነው መበስበስ ያለበት።”

“የእሱን ስም እረሳለሁ ብለህ ነው?”

ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ መካኒኩን ደረጃው ላይ አገኙት። ሌላ ጊዜ ቢያንስ ራሱን ነቅነቅ ያደርግላቸው ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ እሱም ቀርቷል።

“መኪናህን ብርድ መታት እንዴ? ሸራ አልብሰሃታል።”

“ዝናብ እንዳይገባባት ነው፣ እትዬ። ያሳልፉኝ።”

ግድግዳ ግድግዳውን እያየ አለፋቸው። ንጹሕ ሰው ቢሆን ዓይናቸውን ለምን ይሸሻል?

ቤት ተመልሰው አቤቱታውን ለመፈረም ተቀመጡ። ከመፈረማቸው በፊት ግን የሠላሳ አንድ ዓመት ልማዳቸው ያዛቸው። አራሚ ጽሑፍ የሚያነበው ከመጨረሻው ቃል ተነሥቶ ወደ ላይ ነው፤ ከላይ ከጀመረ ዓይኑ የተጻፈውን ትቶ የሚጠብቀውን ያነባል። ይህን ለስንት ጀማሪ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ስልካቸው ላይ ግን አንድም ቀን እንዲህ አንብበው አያውቁም።

ከታች ወደ ላይ ሲመጡ “አይቻለሁ” የሚለው ቃል አምስት ቦታ ጠበቃቸው።

“ምኑን ነው ያየሁት?” አሉ ጮክ ብለው።

ቀዩን እስክሪብቶ አነሱ። አራቱ ተሰረዙ፤ ሁሉም ከስልክ የተቃረሙ ናቸው። የቀረው መብራቱ ብቻ ነው። ተናደዱ። ስልካቸውን አንሥተው ልጃቸው የላከላቸውን ሁሉ ከሥር ከሥሩ ማንበብ ጀመሩ። መካኒክ ነው የሚለው ወሬ ግርጌ ላይ “ከአንድ ተከታታያችን የደረሰን ግምት ነው” ይላል። ገፍተው ያባረሩትን ዜና ፈልገው አገኙት። መጨረሻው ላይ “ፖሊስ የግራ የፊት መብራት ስብርባሪና የተገነጠለ የፓራውልት ቁራጭ ከቦታው አንሥቷል” ተጽፏል።

ወረቀቱን እንደያዙ ወደ ግቢው ወረዱና ሸራውን ገለጡ። ፓራውልቱ ላይ ጭረት እንኳ የለም። መብራቱ በነበረበት ጉድጓድ ውስጥ አንዲት የመስታወት ፍንካች አይታይም። ሽቦው በወጉ ተነቅሏል፤ ብሎኖቹ አንድ በአንድ ተፈተዋል።

አፈሩ። በቁማቸው መሬት ብትውጣቸው ደስ ባላቸው።

“ደግሞ ምን ፈለጉ?” አለ መካኒኩ ከኋላቸው መጥቶ።

“ሰው ገጭቶ ያመለጠው አንተ ነህ ብዬ ላሳስርህ ነበር።” ወረቀቱን ፊቱ ቀደዱት። “ተሳስቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። መብራትህ አልተሰበረም፣ ተሰርቋል።”

“አውቃለሁ።”

“ካወቅህ ለምን ዝም አልክ? የራሱ መብራት የተሰበረበት ሰው እኮ ነው የፈታው! ያቺን ምስኪን ገጭቶ የሄደው እሱ ነው! ና፣ አሁኑኑ አብረን እንሂድ፤ ማንም ይሁን ማን እኔ እመሰክርልሃለሁ።”

መካኒኩ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይናቸውን አያቸው።

“እትዬ፣ ልጅዎ ሲፈታው በመስኮት አይቼዋለሁ። እንዴት ብዬ ልንገርዎት?”