ባለሦስት ዓይኖቹ እንግዶች

ቤቱ ነገ ይፈርሳል። ከውጭ ተምሮ የተመለሰው ልጅ ግን የጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፉትን የድሮ ካርቱን መጽሔት ገጾች በውሃ እያራሰ ይልጣል።

«ሰው ዕቃውን ይሸክፋል፣ የኔ ዶክተር ወረቀት ይልጣል!» አለች እናቱ።

«እማዬ፣ አባዬ እዚህ ገጾች ላይ ስለተሳሉት ባለሦስት ዓይን ፍጥረቶች የነገረኝ እውነት ይሁን አይሁን ሳላውቅ አይፈርስም።»

ፊደል ያልቆጠረው አባቱ «ከሌላ ዓለም የመጡ ደግ እንግዶች ናቸው» ይለው ነበር። በየገጹም እጃቸውን ዘርግተው ፈገግ ብለዋል። በልጅነቱ እነሱን እያየ ያለ ፍርሃት ይተኛ ነበር።

የመጀመሪያውን ገጽ ልጦ ገለበጠው። ባለሦስት ዓይኑ ፍጥረት ሕፃን ሲውጥ ተስሏል። ሁለተኛውን ገለበጠ፤ ሦስተኛውንም። ወደ ጭቃው የዞረው ሁሉ እልቂት ነው።

እናቱ ሳቀች። «አባትህ ይህን ሲለጥፍ አበሳዬን ነበር ያሳየኝ። አንዷን ወረቀት ሲያገላብጥ ሲያገላብጥ ሙጫው ይደርቅበታል።»