ሁለተኛዋ አንባቢ

«ስልሳ ሁለት!» ይላሉ ውድነህ፣ ከትልቁ የኬሚካል ጋን ደረጃ ላይ ሆነው።

ኢንባር ቁጥሩን ልትጽፍ ስትል እጇ ይቆማል። ከጋኑ የሚወጣው ሙቀት ከታች ሆና ፊቷን ይገርፋታል። የኬሚካል መሐንዲስ ናት፤ ስልሳ ሁለት ዲግሪ እንዲህ እንደማይፋጅ ታውቃለች።

በዚህ የሐይፋ ወሽመጥ ፋብሪካ የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ከተበላሸ ሦስት ሳምንቱ ነው። እስኪጠገን ድረስ የጋኑን ሙቀት ከራሱ ከመለኪያው ሁለት ሰው አንብቦ እንዲፈርም ታዟል፤ መጀመሪያ ኦፕሬተሩ ውድነህ፣ ከዚያ ኢንባር። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነበበችም። ውድነህ የአባቷ የጎንደር ባልንጀራ፣ እዚህም የክርያት ያም ከተማ ጎረቤታቸው ናቸው። ታላቅ ሰው «ይህ ነው» ካለ በኋላ ሄዶ ማረጋገጥ፣ ባደገችበት ቤት ደንብ፣ ዋሽተዋል ከማለት አይተናነስም። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይህን አላስረሳትም።

ዛሬ ትወጣለች። መለኪያው ሰማንያ አራት ይላል። ዘጠና ከገባ ጋኑ ውስጥ ያለውን ከመፈንዳት የሚያቆመው የለም።

የማቀዝቀዣውን ውኃ እስከ መጨረሻው ትከፍተዋለች። ሁለቱም ይጠብቃሉ፤ እሷ መለኪያውን፣ እሳቸው የእሷን ፊት እያዩ።

«ወረደ?»

«ወረደ፣ አባ። ዓይንዎን ከመቼ ወዲህ ነው ያመመዎት?»

«ከፋሲካ ወዲህ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሁልጊዜ ስልሳ ሁለት ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው መስሎኝ። ለጡረታ አራት ወር ነው የቀረኝ፣ ልጄ።»

ታውቃለች። ታዝናለችም፤ ቢሆንም ሪፖርቱን ትጽፋለች።

«አንብቢልኝ» ይላሉ።

ታነብላቸዋለች፦ ኦፕሬተሩ መለኪያውን ማየት አልቻለም። ሁለተኛዋ አንባቢ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳታይ ፈርማለች።

«የእኔ ይሁን፣ ቤሰደር፣ እሺ። የራስሽን ግን ሰርዢው! ገና ልጅ ነሽ፣ እንጀራሽ ነው።»

«የእርስዎን ጽፌ የራሴን አልተውም፣ አባ።»

ውድነህ ይቆጣሉ። ለራሳቸው ያላወጡትን ድምፅ ለእሷ ያወጣሉ። እሷ ግን ወረቀቱን አትነካም። ሲደክማቸው እጃቸውን ለእስክሪብቶው ይዘረጋሉ።

«የቱ ላይ ነው የምፈርመው?»

መስመሩን በጣቷ ታሳያቸዋለች። ጎንበስ ብለው ይፈርማሉ። የስማቸው ግማሽ ወረቀቱ ላይ፣ ግማሹ ጥፍሯ ላይ ያርፋል። እስኪጨርሱ ጣቷን አታነሳም።