ፊቷን የሸፈነች አክስት

ደምለውና ሚስቱ እስከዳር የሞቱት ሊማሊሞ ላይ ነው። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ላይ ናዳ ወረደበት። ልጃቸው ያርጋል ጎረቤት ቤት ቀርቶ ስለነበር ተረፈ። ገና አራት ዓመት አልሞላውም።

ደባርቅ ላይ ጎን ለጎን ቀበሯቸው። ከሰልስቱ ማግስት፣ ድንኳኑ ሳይነሣ፣ ሽማግሌዎች ልጁን ማን ያሳድገው ብለው ተቀመጡ።

መጀመሪያ ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። የደምለው ታላቅ ወንድም ታደለ ዳባት ላይ ቤትም ላምም አለው፤ የሌለው ልጅ ነው። ሚስቱ አረጋሽ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያርጋልን ከጀርባዋ አላወረደችውም። እናቱን እየጠራ ሲባንን እሹሩሩ የምትለው እሷ ናት። እሷ ካላጎረሰችው አይበላም።

ችግሩ የመጣው ከመተማ ነው። እሌኒ የምትባል ሴት፣ የእስከዳር እህት ነኝ ብላ፣ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ከመኪና ወርዳ ድንኳን ገባች። እስከዳር መተማ እህት እንዳለቻት ስታወራ የሰማ አለ፤ እህቲቱን ያየ ግን የለም። ሴትዮዋ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጥግ ያዘች። እህል ቢሰጧት አልበላም አለች።

ወሬው ወዲያው ተነዛ። ቡና ቤት ነው አሉ የምትሠራው። ፊቷ ላይ የስለት ጠባሳ አለ አሉ። ታደለ ደግሞ የወንድሙን ቤት ፈልጋ እንጂ ልጁ ምኗም አይደለም እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ።

መሪጌታ ገብረ ኪዳን የሽማግሌዎቹ አውራ ናቸው። እህትነትሽን በምን እንመን ብለው ጠየቋት።

«ባንድ ቀን ነው ክርስትና የተነሣነው፣ አባ። አምባራስ መንደር። በኋላ እኔን አክስታችን መተማ ወሰደችኝ፣ እሷ ቀረች።»

ይኼን ስትናገር ደጅ ላይ በቆርኪ ይጫወት የነበረው ያርጋል ቀና አለ። አረጋሽ አይታ ቶሎ ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

እሌኒ የለመነችው አንድ ነገር ነው። ልጁ እሷን ሳያይ ይወስኑ። ከፈረዱላት ቀስ ብላ ታለምደዋለች። ካልፈረዱላትም ሳያያት ትሄዳለች።

ታደለ ሳቀ። «ልጅ የሚያሳድግ ሰው ከልጁ ይደበቃል እንዴ? አንቺ፣ ምን ሠርተሽ ነው?»

«ፊቴን ካየ...» ብላ ጀመረች።

«ጠባሳሽን ካየማ ይደነግጣል።»

ለቀስተኛው ለቅሶ ላይ መሆኑን ረስቶ ሳቀ። እሷ ነጠላዋን ይበልጥ ወደ ዓይኗ ሳበች።

መሪጌታም መላ አመጡ። ልጁ መሐል ይቁም፣ አረጋሽ በዚህ፣ እሌኒ ፊቷን ገልጣ በዚያ፤ የሄደበት ያሳድገው። ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ታደለማ ከሁሉ በላይ ደስ አለው።

እሌኒ ብድግ አለች።

«ይቅርብኝ፣ አባ። ለአረጋሽ ስጧት። ከእህቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው፣ ግን ይቅርብኝ።»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ፣ ባረኩና ልጁን ለአረጋሽ ፈረዱ። ነገሩ እዚያ ላይ አብቅቶ ነበር። አረጋሽ ሰምታ ያርጋልን ታቅፋ እያለቀሰች ገባች፤ እሌኒ ፊቷን ወደ ሸራው አዙራ በጎናቸው ልታልፍ ስትል፣ ታደለ ማሸነፉ አልበቃው አለ።

«ቆይ እንጂ፣ ጠባሳውን እንየው» ብሎ ነጠላዋን ጎተተ።

ከዚያ የሳቀ የለም። ታደለ አፉን እንደከፈተ ቀረ፤ ነጠላው ከእጁ ወደቀ። ስጦታ የምትባለው የእስከዳር ጎረቤት አማተበች።

ያርጋል ከአረጋሽ እቅፍ ተንሸራቶ ወረደ፣ ሮጦ የእሌኒን ጉልበት አቀፈ።

«እማዬ፣ አባዬን ለምን ጉድጓዱ ውስጥ ተውሽው?»