ሁለት ቦርድ፣ አንድ ስንጥቅ

«ይቺን ተያት። ቁጥሯ አይታመንም» አለ ሃይለኣብ።

ፌናን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። አውራ ጣት የምታክለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላፕቶፑ ዩኤስቢ ላይ ተሰክታለች። ከእሷ የወጡት ሦስት ቀጫጭን ሽቦዎች የአባቷን መኝታ ቤት ግድግዳ ይዘው ወጥተው ስፋቱን ሊለካ ስንጥቁን ተሻግሮ ከተጣበቀው ሴንሰር ጋር ይገናኛሉ። ስክሪኑ 0.3 ሚሊሜትር ይላል። ሲጀምሩ ዜሮ ነበር።

ከግድግዳው ማዶ ለአሥራ ሁለት ፎቅ ሕንፃ መሠረት ይቆፈራል። ኤክስካቫተሩ አፈር በዛቀ ቁጥር የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። የሳይቱ መሐንዲስ ባለፈው ሳምንት መጥቶ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰና «ይሄ የቆየ ነው» አላቸው። «እየሰፋ ነው ካላችሁ ለክታችሁ፣ መዝግባችሁ አምጡ።»

ፌናን ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ናት። ንግግሩ አንገበገባት። ለአንድ ሳምንት ሳይቋረጥ የሚመዘግብ ቦርድ ልታቆም ቆረጠች፤ የክፍሏ ልጅ ሃይለኣብም ኢምፔሪያል ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ሁለት ዓይነት ይዞላት መጣ። እሷ ትንሿን መርጣለች፤ መብራት ሲሄድ በፓወር ባንክ ብዙ ቀን ትቆያለች። እሱ ደግሞ ሜሞሪ ካርድ ካለው ከትልቁ ወይ ፍንክች ብሏል።

0.4።

«ይኸው! ግድግዳ በአሥር ደቂቃ እንዲህ አይሄድም። ኖይዝ ነው፣ ከላፕቶፑ ቻርጀር የሚመጣ የኤሌክትሪክ ረብሻ» አለ ሃይለኣብ።

ቻርጀሩን ነቀለችው። 0.5።

አባቷ አቶ ሆርዶፋ አልጋቸው ላይ ጀርባቸውን ለዚያው ግድግዳ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ወገባቸው ይዟቸው ከአልጋ ካልወረዱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። «ምን አለ ዕቃው?» ብለው ጠየቁ።

«ገና እየመረጥን ነው አባዬ» አለች። ወዲያው ወደ ሃይለኣብ ዞራ «ትልቁን አምጣው» አለችው።

ሽቦዎቹን ነቅላ ትልቁ ላይ ሰካች። ሃይለኣብ ፕሮግራሙን ጫነ። ፌናን የመረጠቻት ቦርድ ውሸታም እንድትሆን፣ እሷም ተሳስታ እንድትገኝ፣ ሃይለኣብም እስኪመረቁ ድረስ እንዲስቅባት ተመኘች።

ትልቁ ቦርድ ማንበብ ጀመረ። 0.8።

0.9። ከኮርኒሱ ጥግ ቀጭን አሸዋ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ፌናን» አለ ሃይለኣብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባትሽን እናውጣ።»

«አባዬ፣ ይነሱ። ግቢ እንውጣ።»

«በዚህ ወገቤ? ተይኝ እስቲ። አምስታችሁንም ያሳደግኩበት ቤት ነው፣ ለአንድ ማሽን ጩኸት ብዬ...»

«ተነስ!»

ጩኸቷ ለራሷም ባዕድ ሆነባት። አባቷን አንተ ብላ አታውቅም። አቶ ሆርዶፋ ፊቷን ለአፍታ አዩ፤ ከዚያ ሁለት እጃቸውን እንደ ሕፃን ዘረጉላት።

እሷ በአንድ ብብታቸው፣ ሃይለኣብ በሌላው ገብተው አወጧቸው። በረንዳውን ወርደው የግቢው በር ጋ ሲደርሱ ከኋላቸው ፍንዳታ ያልሆነ፣ ብዙ ጆንያ እህል ባንዴ እንደተዘረገፈ ያለ ድምፅ ተሰማ። አቧራው እስከ መንገዱ ወጣ። ኤክስካቫተሩ ቆመ። ከሳይቱ መሐንዲሱ የራስ ቁሩን ይዞ እየሮጠ መጣና የፈረሰውን ሲያይ ባለበት ደርቆ ቀረ።

አቧራው ሲሰክን ግድግዳውም አልጋውም አልነበሩም። በቆርቆሮ ታጥሮ ለአንድ ዓመት ያልታየው ጉድጓድ በመኝታ ቤቱ በኩል ወለል ብሎ ታየ።

አቶ ሆርዶፋ የልጃቸውን ክንድ ሳይለቁ አንገታቸውን አሰገጉ። ያ መሬት ሳይታጠር በፊት እሳቸው ሃያ ክረምት በበሬ ያረሱት ማሳ ነበር። ከላይ ክንድ የማይሞላ ጥቁር አፈር፤ ከዚያ በታች፣ እስከ ወዲያኛው ድረስ፣ አንድም ቀን አይተውት የማያውቁት ቢጫ ድንጋይ።